የስኳር ነርቭ ህመም፦ ማቃጠሉን ማስታገስ፣ የደነዘዘውን እግር መጠበቅ

ቀን ላይ ብዙም አያስቸግርም። ሥራው፣ ወሬው፣ ውጣ ውረዱ ያስረሳል። ማታ ጋደም ሲባል ነው ጉዱ የሚጀምረው። ውስጥ እግር ይቃጠላል፣ ጣቶች በመርፌ የሚወጉ ይመስላሉ፣ ድንገት የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ነገር ሽው ብሎ ያልፋል፣ አንሶላ እንኳ ጣት ሲነካ ያማል። እግሩን ከብርድ ልብሱ ውጭ አውጥቶ የሚያድር ሰው ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ ቅንጣት ታህል አያመውም፤ ብቻ ባዶ እግሩን ሆኖ ወፍራም ካልሲ ያደረገ ይመስለዋል። ሁለቱም ጋ ያለው ችግር አንድ ነው፤ ስኳር ነርቫቸውን ጎድቶታል።

ገና ከመነሻው አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ህመሙ ሌላ፣ የነርቩ ጉዳት ሌላ ነው። መድኃኒቱ ህመሙን ይቀንሳል እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አያድንም። ህመሙ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ደግሞ "ተመስገን ተሻለኝ" ብሎ መዘናጋት አለ፤ አንዳንዴ ግን የጠፋው ነርቩ ጨርሶ ስለሞተ ነው፣ ያኔ እግሩ ሚስማር ቢወጋውም አያውቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁለት ሥራ ይሠራሉ፦ ህመሙን ማስታገስና የማይሰማውን እግር መጠበቅ። ሰው በብዛት የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ይረሳዋል።

ከደረጃዎቹ በፊት፦ ነርቩ ላይ ምን እየሆነ ነው?

ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቩን ራሱንም ይጎዳል፣ ነርቩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ስኳሩ ብቻውንም አይደለም፤ የደም ግፊት፣ የደም ቅባት፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ሲጋራ ሁሉም እጃቸውን ያስገባሉ። ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው። ከታችኛው ጀርባ ተነስቶ እስከ እግር ጣት ጫፍ የሚወርደው ነርቭ ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል፤ ለዚህ ነው ነገሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእግር ጣቶች የሚጀምረው። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶች ጫፍም መደንዘዝ ይጀምራል።

ነርቮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ቀጫጭኖቹ ህመምን፣ ሙቀትና ቅዝቃዜን ይለያሉ፤ እነሱ ሲነኩ ማቃጠልና መውጋት ይመጣል። ወፋፍራሞቹ ንዝረትን ይለያሉ፣ እግራችን የት እንዳለ ሳናየው ይነግሩናል። እነሱ ሲጎዱ ሰው ጨለማ ውስጥ ይንገዳገዳል፣ ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ ሲል ሚዛኑን ይስታል። ይሄንን ብዙ ሰው ከስኳር ጋር አያገናኘውም፣ "እርጅና ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ስኳር ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት አንድ ቀን የነርቭ ጉዳት ያገኛቸዋል። የሚያማቸው ግን ከእነሱ ከፊሎቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት ምንም ሳይሰማቸው ነው ጉዳቱ የሚቀጥለው።

ደረጃ 1፦ ህመሙ በእርግጥ የስኳር ነርቭ ህመም ነው?

ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ባመመው ቁጥር ስኳሩ ላይ ማላከክ ቀላል ነው። አጉል ልማድ ነው፤ ሌላ በሽታ ይሸፍናል።

የስኳር ነርቭ ህመም ጠባዩ ይታወቃል። ሁለቱንም እግር በተቀራራቢ መጠን ይይዛል። ከጣቶች ይጀምራል። እረፍት ላይ፣ በተለይ ሌሊት ይብሳል፤ ትንሽ ተነስቶ መራመድ እንዲያውም የሚያቀልላቸው ሰዎች አሉ።

የደም ዝውውር ችግር ተቃራኒው ነው። የተወሰነ መንገድ ሲሄዱ ባት ይጨመደዳል፣ ቆም ሲሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፣ እንደገና ሲሄዱ ያው ይመለሳል። እግሩ ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል። ይሄ ችግር ሲከፋ ግን ማታም ያማል፤ መለያው እግርን ከአልጋው ወደ ታች ማንጠልጠል ህመሙን ማቅለሉ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፣ እግሩ ደም እያጣ ሊሆን ይችላል።

ከመቀመጫ ተነስቶ በአንድ እግር ብቻ ወደ ታች የሚወረወር ህመም ከጀርባ የሚመጣ ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርዶ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጡ ተረከዝ ላይ የሚወጋውም ሌላ ነው። እግሩ ደህና ሆኖ የእጅ አውራ ጣት፣ አመልካችና መሃል ጣት ብቻ ሌሊት የሚደነዝዝ ከሆነ ደግሞ እጅ አንጓ ላይ የተጨመቀ ነርቭ መሆኑ ይጠረጠራል፤ ስኳር ያለባቸው ላይ በብዛት ይታያል፣ ሕክምናውም ለብቻው ነው።

ሁለት ችግር አንድ ሰው ላይ ሊገናኝ ይችላል። እንዲያውም ስኳር ላይ የተለመደ ነው።

ደረጃ 2፦ ቤት ውስጥ በጣት ብቻ መፈተሽ

ምንም መሣሪያ አይፈልግም፣ ሁለት ሰው ብቻ። የጣት ንክኪ ፈተና ነው፤ መጀመሪያ የተሞከረው እንግሊዝ ውስጥ ኢፕስዊች በምትባል ከተማ ሆስፒታል ሲሆን ዛሬ ብዙ ቦታ ይሠራበታል።

የሚፈተነው ሰው ጫማና ካልሲውን አውልቆ ይጋደማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። መጀመሪያ ቀኝና ግራ እግሩን ነካ አድርጋችሁ የትኛው የት እንደሆነ አስታውሱት። ከዚያ በአመልካች ጣታችሁ ጫፍ የእግር ጣቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ ትነካላችሁ፦ የቀኝ አውራ ጣት፣ የቀኝ ትንሿ ጣት፣ የግራ አውራ ጣት፣ የግራ ትንሿ ጣት፣ በመጨረሻ የቀኝ መሃለኛ ጣትና የግራ መሃለኛ ጣት። በድምሩ 6 ንክኪ ነው። ሰውዬው በተሰማው ቁጥር "ቀኝ" ወይም "ግራ" ይላል።

ዋናው ነገር አነካኩ ላይ ነው። ላባ እንዳረፈ ያህል ቀለል አድርጋችሁ 1 ወይም 2 ሰከንድ ብቻ ንኩ። አትጫኑ፣ አትደቁሱ፣ አታሻሹ፣ ጥፍራችሁ አይንካው። ካልተሰማው "በደንብ አልነካሁት ይሆናል" ብላችሁ አትድገሙት፤ አልተሰማም ብላችሁ ጻፉና እለፉ። ቤተሰብ ሲፈትን የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ሰው ለሚወደው ማዳላት አይቀርለትም።

ከ6ቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ስሜት ቀንሷል ማለት ነው፣ ሐኪም በደንብ ይመርምረው። ሁሉም ከተሰማው ደስ ይላል፤ ግን የዓመቱን የሐኪም ምርመራ አያስቀርም።

ደረጃ 3፦ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሌላ ምክንያት አለመኖሩን ማረጋገጥ

ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ ከታወቀ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ እግሩ መፈተሽ አለበት። ዓይነት 2 ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ገና በመጀመሪያው ምርመራ ነርቩ ተጎድቶ የሚገኝ ሰው አለ።

ምርመራው ቀላል ነው፣ አያምም። 10 ግራም ያህል ግፊት ሲያርፍበት የሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግር ላይ እያሳረፉ ይሰማችሁ እንደሆነ ይጠይቃሉ። በሰከንድ 128 ጊዜ የሚርገበገብ ሹካ መሳይ ብረት የአውራ ጣት አጥንት ላይ ያስቀምጣሉ። የቁርጭምጭሚት ምላሽ በመዶሻ ይታያል፣ የእግር ደም ሥር ትርታ በጣት ይዳሰሳል። ጫማ ሳያስወልቅ "እግርህ ደህና ነው" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ እናንተው አውልቁና "እስቲ ይዩልኝ" በሉ። ነውር የለውም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የነርቭ ምርመራ ለብዙ ሰው አያስፈልግም። የቀጫጭኖቹን ነርቮች ጉዳት አያሳይም፤ ስለዚህ እግሩ እየነደደ ውጤቱ "ምንም የለም" የሚወጣለት ሰው አለ። ህመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ እንድትጠይቁ የምፈልገው ቫይታሚን ቢ12ን ነው። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቢ12 መጠን ሊወርድ ይችላል፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ ራሱን ችሎ እግርን ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ ሚዛን ያስታል። ከስኳር ነርቭ ጉዳት በዓይን አይለይም። ልዩነቱ ይሄኛው ቶሎ ከተደረሰበት የሚታከም መሆኑ ነው። ሜትፎርሚን ዓመታት የወሰደ ሰው ይሄንን ሳያስመረምር "ከስኳሩ ጋር ኑረው" መባሉ ያስቆጫል። ሜትፎርሚኑን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ እጥረቱ ይተካል፣ መድኃኒቱም ይቀጥላል።

የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራም አብሮ ይታያል። አልኮል የሚያዘወትር ሰው ሳይደብቅ ይናገር፣ አልኮል ራሱ ነርቭ ያበላሻል። አይሶናያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ኤችአይቪም ጭምር ነርቭ ይጎዳሉ። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ቫይታሚን፣ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 4፦ ስኳሩን ማስተካከል፣ ግን በእርጋታ

አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ዓይነት 1 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተሠራና ውጤቱ በ1993 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ስኳራቸውን አጥብቀው በተቆጣጠሩት ላይ የነርቭ ጉዳት 60 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ዓይነት 2 ላይ ጥቅሙ እንዲህ ጎልቶ አይታይም፤ እዚያ ግፊቱ፣ ቅባቱና ክብደቱም ድርሻ ስላላቸው ስኳሩን ብቻ ማውረድ አይበቃም። ያም ሆኖ ጉዳቱ እንዳይገፋ የሚያዘገየው ይሄው ነው። የሞተውን ነርቭ እንዲመለስ አትጠብቁ፣ የቀረውን ለማትረፍ ነው።

የ3 ወሩ አማካይ ስኳር (ኤችቢኤዋንሲ) ለብዙ አዋቂ ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል። ዕድሜው ለገፋ፣ ሌላ ሕመም ለተደራረበበት፣ ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ግን ሐኪሙ ላላ ያለ ግብ ያስቀምጣል።

አሁን ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር። ለረጅም ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በአንድ ጊዜ ሲወርድ፣ ማለትም አማካዩ በ3 ወር ውስጥ ከ2 ነጥብ በላይ ቁልቁል ሲል (ለምሳሌ ከ12 ወደ 8)፣ አንዳንድ ሰው ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ማቃጠል ይቀሰቀሳል። ሰውዬው ግራ ይገባዋል፤ "ስኳሬን ካስተካከልኩ ወዲህ ነው የባሰብኝ፣ ኢንሱሊኑ ነው የጎዳኝ" ይልና ያቋርጣል። እንዳታቋርጡ። ይሄ ዓይነቱ ህመም በብዛት በወራት ውስጥ እየረገበ ይሄዳል። ሐኪሙ ህመሙን ያክምላችኋል፣ አወራረዱንም ሊያዘገየው ይችላል። በፍጥነት ሲወርድ ዓይንም ሊነካ ስለሚችል የዓይን ምርመራ ጨምሩበት።

ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም። መራመድ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ገደማ፣ ቁስል እስከሌለ ድረስ ይመከራል። ሚዛኑን የሚስት ሰው ብስክሌትን ወይም ተቀምጦ የሚሠራ እንቅስቃሴን ይምረጥ።

ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን መድኃኒት በትክክለኛው መጠን፣ በቂ ጊዜ ሰጥቶ መሞከር

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ። ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እነዚህ ነው። ለነርቭ ህመም ግን እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የላቸውም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጭራሽ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የስኳር በሽተኛ ኩላሊት ደግሞ ቀድሞውኑም ስጋት ያለበት ነው። ሌሊት ሌሊት ዳይክሎፌናክ መዋጥ የለመዳችሁ ካላችሁ ይሄን ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትደሩ።

የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሴቲን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የድብርት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሆነው ነው የሚታወቁት። ማብራሪያ ወረቀቱን ያነበበ ሰው "እኔን አእምሮዬን ነው እንዴ የሚያክሙት?" ብሎ ሊቀየም ይችላል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የህመም መልእክት በነርቭና በአከርካሪ በኩል ወደ አንጎል የሚሄድበትን መንገድ ያረግባሉ፣ ድብርት የሌለበትንም ሰው ያስታግሳሉ።

የትኛው ይሻላል? 2022 ላይ የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አሚትሪፕቲሊንን፣ ዱሎክሴቲንንና ፕሪጋባሊንን አወዳድሮ፣ በየትኛውም ቢጀመር የማስታገስ አቅማቸው ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። አንዱ ብቻውን ካልበቃ ሌላውን መጨመር እንደሚረዳም ታይቷል። ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው በእናንተ ሌላ ሕመም፣ በጎንዮሽ ጉዳቱና በሚገኘው ነው።

አሚትሪፕቲሊን ብዙ ጊዜ በ10 ወይም 25 ሚሊ ግራም ማታ ይጀመራል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ህመሙ እንቅልፍ ለነሳው ሰው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጠዋት ያንገላጅጃል። የልብ ምት ችግር፣ ሽንት የሚከለክል የፕሮስቴት ችግር፣ ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችም ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ማታ ሲነሱ ሊጥላቸው ይችላል።

ዱሎክሴቲን አብዛኛውን ጊዜ በ30 ተጀምሮ ወደ 60 ሚሊ ግራም ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ያቅለሸልሻል፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይሻላል። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ በጣም ለተጎዳ አይሆንም።

ጋባፔንቲን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፕሪጋባሊን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ ከዝቅተኛ መጠን ተነስቶ በሳምንታት ይጨመራል። ያዞራሉ፣ ያስተኛሉ፣ እግር ሊያሳብጡ፣ ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ሁለቱም የሚወጡት በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ሲደክም መጠኑ መቀነስ አለበት። ከአልኮል ወይም ትራማዶልን ከመሰሉ ጠንካራ የህመም ማስታገሻዎች ጋር ሲደራረቡ ትንፋሽ ሊያዳክሙ ይችላሉ። በጀመራችሁበት ሰሞን መኪና አትንዱ።

ሕክምናው በብዛት የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው በትንሹ መጠን ለአንድ ሳምንት ይሞክርና "አልሠራልኝም" ብሎ ይተወዋል። የመጀመሪያው መጠን ሰውነትን ማለማመጃ ነው። የሚሠራው መጠን ላይ ከተደረሰ በኋላ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ካልተሰጠው ተሞክሯል አይባልም። ሲጀመር የመጣው ማዞርና ማንገላጀጅም ብዙ ጊዜ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ይቀንሳል። ማቆም ካስፈለገም በአንዴ ሳይሆን በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

መሥራቱን ለማወቅ ደብተር ያዙ። በየማታው ህመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ ጻፉ፣ አለቀ። ህመሙ በ30 በመቶ ከቀነሰ ጥሩ ነው፣ በግማሽ ከቀነሰ በጣም ጥሩ ነው። 8 የነበረው 4 ሆኖ ሰው እንቅልፉን ከተኛ ሕክምናው ሠርቷል። ዜሮ ካልሆነ ብሎ መድኃኒት መቀያየር ኪስም ጤናም ያራቁታል።

መዋጥ ለማይመቸው የሚቀባ አለ። ከቃሪያ ማቃጠያ ንጥረ ነገር የሚሠራው የካፕሳይሲን ቅባት (0.075 በመቶ) በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይቀባል። መጀመሪያ ሰሞን ራሱ ያቃጥላል፣ ከዚያ እየለመደ ይሄዳል። ቁስል ላይ አይቀባም፣ ከቀባችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ዓይን የነካችሁ እንደሆነ ትረግሙኛላችሁ። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ያለበት ልጥፍም የሚረዳቸው አሉ።

ትራማዶልና ከእሱ የጠነከሩት መጀመሪያ የሚሞከሩ አይደሉም። ሱስ ያስይዛሉ፣ ለዓመታት ለሚቆይ ህመም ጉዳታቸው ከጥቅማቸው ይበልጣል።

ቫይታሚን ላይ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። "ለነርቭ ነው" ተብሎ የሚሸጥ የቢ ቫይታሚን ድብልቅ ለሁሉም ስኳር በሽተኛ ይታዘዛል፣ ሰውም በየወሩ ካልተወጋሁ ይላል። እጥረት ለሌለበት ሰው ህመሙን እንደሚያክም የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ውስጡ ያለው ቢ6 ደግሞ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ለነርቭ ብለው ወስደው ነርቭ ማበላሸት ማለት ይሄ ነው።

ደረጃ 6፦ ሌሊቱን ማቅለል

አንሶላና ብርድ ልብሱ ጣት እንዳይነካ አልጋው ግርጌ ላይ ካርቶን ወይም ሳጥን አስቀምጣችሁ ልብሱን ከላይ አሳልፉት፤ እግሩ ከሥር ነፃ ሆኖ ያድራል። ስፌቱ የማይጎረብጥ፣ ላስቲኩ የማይጠብቅ የጥጥ ካልሲ የሚያቀልላቸው አሉ። በረዶ ውስጥ መንከር አይሆንም። ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍማ ጨርሶ አይታሰብም፣ እግሩ መቃጠሉን ሳያውቅ ቆዳው ይላጣል። የሙቅ ውሃ ጠርሙስ፣ ምድጃ ዳር እግር ማሞቅ፣ ሁሉም እንዲሁ።

ለወራት እንቅልፍ ያጣ ሰው መከፋቱ፣ ተስፋ መቁረጡ የሚጠበቅ ነው። ህመምና ድብርት ይመጋገባሉ። ይሄንንም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ለመድኃኒት ምርጫው ይጠቅመዋል፣ ለምሳሌ ዱሎክሴቲን ሁለቱንም ያያል።

ደረጃ 7፦ እግርን በየቀኑ ማየት

የደነዘዘ እግር አይናገርም፣ ስለዚህ ዓይናችሁ ይናገርለት። ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ጤነኛ እግርን ሁለት እርምጃ አታስኬደውም። ስሜት ያጣ እግር ግን ቀኑን ሙሉ ይረግጣታል። ማታ ካልሲው ሲወልቅ እርጥብ ነገር ይገኝበታል፣ ሰውዬው ላብ ይመስለዋል። አምፑል ሥር ሲታይ ቁስል ነው። ከባዱ የእግር ቁስል፣ እስከ መቆረጥ የሚያደርሰውም፣ አነሳሱ ብዙ ጊዜ ይሄን የመሰለ ኢምንት ነገር ነው።

በየማታው ብርሃን ባለበት ተቀመጡ። ላዩን፣ ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙን፣ በየጣቶቹ መሃል እዩ። ውስጥ እግር ካልታያችሁ መስታወት መሬት ላይ አድርጉ፤ ዓይናችሁ የሚደክም ከሆነ ቤተሰብ ይይላችሁ። የምትፈልጉት መቅላት፣ ውሃ የቋጠረ ቆዳ፣ ስንጥቅ፣ የጠጠረ ቆዳ፣ የቀለም ለውጥ ነው። በእጃችሁ ጀርባም ዳስሱ፣ ከሌላው ቦታ የጋለ ካለ እዚያ ችግር አለ።

ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ። ውሃውን በእግር ሳይሆን በክርን ሞክሩት። በየጣቶቹ መሃል በደንብ አድርቁ። ለደረቀ ቆዳ ቫዝሊን ጥሩ ነው፣ ጣቶች መሃል ግን አይገባም፣ እርጥበት ይዞ ያልጣል። ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፣ ጥጋጥጉን ቆፍሮ ማውጣት ይቅር። የጠጠረ ቆዳን በምላጭ መላጥ፣ በሚያቃጥል መድኃኒት ማንሳት ክልክል ነው፤ ለባለሙያ ስጡት።

ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግር አይኬድም። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን እስከ ጫፉ አስገብታችሁ ዳብሱት። አዲስ ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፣ እግር አበጥ የሚለው ያኔ ነው፤ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው። "ሲለበስ ይሰፋል" የሚለውን የሻጭ ወሬ አትስሙ፣ እግሩ ስለማያመው መጥበቡን የሚነግራችሁ የለም። መጀመሪያ ቀን ሰዓት ሁለት ሰዓት ብቻ አድርጉትና አውልቃችሁ የቀላ ቦታ ፈልጉ።

ደረጃ 8፦ ሌሎቹ ነርቮች

ስኳር የውስጥ አካላትን የሚያዙትንም ነርቮች ይጎዳል። ከተኙበት ሲነሱ ጭልም ማለት፣ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብና ማስመለስ፣ የሽንት አለመጨረስ፣ የብልት አለመቆም፣ ሲበሉ ፊት ላይ ብቻ ማላብ። አሳፋሪ መስሏቸው የሚደብቁት ብዙ ናቸው፤ ለአብዛኞቹ መላ አለ። በተለይ ስኳር ሲወርድ መንቀጥቀጡና ማላቡ የቀረባቸው ሰዎች ቶሎ ይናገሩ፣ ማስጠንቀቂያው ጠፍቷል ማለት ስለሆነ ስኳራቸውን ደጋግመው መለካት ይኖርባቸዋል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

እግር ላይ ማንኛውም ቁስል፣ ባያምም፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ባለሙያ ይየው። ቁስሉ ዙሪያ ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ፣ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ድክመቱ በቀናት ውስጥ የሚገፋ፣ አንድ እግር ብቻ የሚሰንፍ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር የሚያሳጣ ከሆነ ችግሩ የስኳር ነርቭ ላይሆን ይችላል፣ አሁኑኑ መታየት አለበት። ጭን አካባቢ በድንገት የሚጀምር ከባድ ህመም ከጡንቻ መሳሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣም ለሐኪም አሳዩ።

አንዱን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ እግር ድንገት ያብጣል፣ ይቀላል፣ ከሌላኛው ይልቅ ይግላል፣ ቁስል የለውም፣ ብዙም አያምም። ወለምታ ይመስላል፣ ሰውም ያሸዋል፣ ይራመድበታል። ውስጥ ግን የደነዘዘው እግር አጥንት እየተሰባበረና እየተዛባ ሊሆን ይችላል። ሻርኮት እግር ይባላል። መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይም ይችላል፣ ስለዚህ "ራጁ ደህና ነው" ተብላችሁ እብጠቱና ግለቱ ካልቀረ ተመልሳችሁ ሂዱ፣ ስኳር እንዳለባችሁና እግራችሁ ደንዛዛ መሆኑን አስረግጣችሁ ንገሩ፣ ስለዚህ በሽታ የሚያውቅ ሐኪም አይቶ እስኪወስን ድረስም ያንን እግር አትርገጡበት።